ብረቱ ወልቂጤ፣ መዝጊያው ቡታጅራ

ወልቂጤ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙስተፋ፤

ሰላምታዬ ከአንተ ጀምሮ፣ በሀሊሜ በኩል አልፎ፣ የልጃችሁ የዑመይር ብየዳ ቤት በር ላይ ይቁም። እኛ ደህና ነን። ወለተ ሐና ጉልበቷን ያማታል። የእኔ ጆሮ ጨርሶ ከድቶኛል። ዕድሜውን ሙሉ ቶርኖ ማሽን ላይ የቆመ ሰው ከዚህ የተሻለ ጆሮ አይጠብቅ አለኝ ሐኪሙ መሰለኝ። መሰለኝ የምልህ ስላልሰማሁት ነው። ስለዚህ መደወሉን ተውና ጻፍልኝ። በስልክ ለምን አትጽፍም ላልከኝ፣ ጣቴ ወፍራም ነው፤ አንዱን ፊደል ስነካ ሦስት ይወጣል።

አሁን ወደ ጠየቅከኝ ልምጣ። አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው፤ ፔፔሻ፣ ያንን የሩሲያ ጠመንጃ፣ አግኝቻለሁ! ጉብሬ ያለው ቆራሌው ግቢ ውስጥ፣ ከተቀዳደደ ቆርቆሮና ከአሮጌ ድስት ሥር ነበር። ክብ ካዝናው የለም፤ የቀረው ግን ምንም አልሆነም። አፈሙዙን የሸፈነው ባለ ቀዳዳ ብረት ዛሬ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሰደፉ ላይ አንድ ወታደር በሚስማር «ውድነሽ» ብሎ ጽፎበታል። ማን እንደሆነች አንተ አስብ፤ እንዲህ ያለ ወሬ መፍጠር ያንተ ሥራ ነው። እኔ ግን እንጨቱን ሳጸዳ ስሟን እንዳልነካባት ተጠንቅቄያለሁ። ፖሊስ ጣቢያ ወስጄ አስመዘገብኩት። ሆዱ ባዶ መሆኑን ሲያዩ «አባባ፣ ይሄ ምን ያደርግልዎታል?» ብለው በወረቀት ጻፉልኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ሰው ቴምብር ይሰበስብ የለም ወይ!

ያለ መዝጊያው አይተኩስምና፣ መዝጊያውን እንደ ልማዳችን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሀያቱ ሚኒባስ ልኬልሃለሁ። ብረቱ ወልቂጤ፣ መዝጊያው ቡታጅራ። ያን ጊዜ፣ ጥያ ላይ አንድ ሽማግሌ ቤሬታውን የበር መቀርቀሪያ አድርገውት አግኝተን የገዛናቸው ቀን፣ እዚያው ቆመን ጉርዳ የገባነውን አትርሳ። የአንዱ ጠመንጃ አካልና መዝጊያ አንድ ጣራ ሥር አያድሩም፤ አንተም ለእኔ፣ እኔም ለአንተ ወንድም ነን ብለን ነው የማልነው። ሌሎቹ ጠመንጃዎች፣ ስቴኑም ኡዚውም፣ የመጡት በዚሁ መሐላ ነው። «ሙሉ ጠመንጃ ቤቴ ካለ በንዴቴ ሰዓት ራሴን አላምነውም» ያልከው አንተ ነበርክ። እኔማ ያን ቀን የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

ለዑመይር ንገረው፤ የላከልኝን የበር ፎቶ አየሁት። ብየዳው አሁንም ሸካራ ነው። ሁለት ዓመት እዚህ እጄ ላይ ሠርቶ አሁንም ይቸኩላል። ለመስቀል እንደ ሁልጊዜው ይምጣ። የእናንተ በግ ጎረቤታችን ዛህራ ቤት ነው የሚታረደው፣ ቢላውንም ድስቱንም ለይታ አስቀምጣለች። እጮኛውን ፈትሂያንም ይዟት ይምጣ፤ ወለተ ሐና ልታያት ቸኩላለች።

ወንድምህ ዱባለ


ቡታጅራ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

በአላህ ስም።

ወንድሜ ዱባለ፣ እንደምን ከርመሃል? ወለተ ሐናስ ጉልበቷን ተሻላት? ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅር በለኝ። ደብዳቤህም መዝጊያውም በጊዜው ደርሶኛል። ሣጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጧል። ዝናቡ እዚህ በርትቷል።

ስለ ዑመይር ለጻፍክልኝ፣ ሩቅ ሄዷል። ለመስቀል የሚደርስ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ቤሬታውን ላክልኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አለ፤ ስለ ድሮ መሣሪያዎች መጽሐፍ እያዘጋጀ ነው፣ ከነመዝጊያው ገጥሞ ፎቶ ሊያነሳው ይፈልጋል። ጉርዳችንን አልረሳሁም። ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ፎቶውን ካነሳው በኋላ መልሼ እልክልሃለሁ።

ሀሊሜ ሰላም ብላሃለች።

ሙስተፋ


ወልቂጤ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሙስተፋ፣ ሰውየው!

ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ትቶት የሄደው ብጣሽ? ስለ በርበሬ ብቻ ሦስት ገጽ የምትጽፍልኝ ሰው፣ የዘንድሮ የማረቆ በርበሬ ቀላ ጠቆረ እንኳ ሳትለኝ ዘጋኸው። የውድነሽንም ታሪክ አልፈጠርክልኝም። ታመሃል እንዴ? ከታመምክ ንገረኝ፤ የሚደበቅ ነገር የለንም።

ፎቶ አንሺውን በተመለከተ፣ ወደዚህ ይምጣና ብረቱን ያንሳ፤ ከዚያ ቡታጅራ ተመልሶ መዝጊያውን ያንሳ፤ ሁለቱን መጽሐፉ ላይ ያገናኛቸው። ወረቀት ላይ ቢገናኙ ጉርዳችን አይፈርስም። እንቢ ካለ ደግሞ መስቀል ሲያልፍ እኔ ራሴ ቤሬታውን ይዤ እመጣለሁ፣ ፎቶው እስኪነሳ አጠገቡ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ይዤውም እመለሳለሁ። ሰሞኑን ቅባት ቀብቼዋለሁ። አንተ እንደምታውቀው ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ጣሊያን ሌላውን ነገር ምንም ቢያደርግ ያንን ብረት የሞረደው ሰው ግን ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር።

ሁለት ነገር አሳስቦኛል። አንደኛ፣ ሀያቱ ደብዳቤህን ሰጥቶኝ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ፤ ዓይኔንም አላየም። ሁለተኛ፣ ወለተ ሐና ሀሊሜ ጋ ብትደውል ብትደውል ስልኩ ዝግ ነው ትላለች። ምን ሆናችሁ? ዑመይርስ መቼ ይመለሳል? ደግሞስ ሀያቱን «ዱባለ ጋ የድሮ ጥይት ይኖር ይሆን ብለህ ጠይቀው» ያልከው ለምንድን ነው? ጥይት ቤቴ ገብቶ እንደማያውቅ አንተ ታጣዋለህ?

ዱባለ


ቡታጅራ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

በአላህ ስም።

ወንድሜ ዱባለ፣ እንኳን አደረሳችሁ። አልታመምኩም።

መምጣቱን አሁን ተወው። ቤቱ እድሳት ላይ ነው፣ ዕቃው ሁሉ ወጥቷል፣ እንግዳ የምናሳርፍበት የለንም። ሀሊሜም ስልኳ ተበላሽቶባት ነው። ጥይቱን የጠየቅኩት ለፎቶው ማሳመሪያ ነበር፤ ተወው፣ ከሌላ ቦታ አግኝቻለሁ።

ዑመይር መቼ ይመለሳል ብለሃል። እኔ እንጃ።

ሰውየው ወልቂጤ ድረስ መሄድ አልችልም ብሏል። እባክህ አትጨቃጨቀኝ። በዕድሜያችን አንድ ነገር ለምኜህ አላውቅም። ቤሬታውን በሀያቱ ላክልኝ።

ሙስተፋ


ወልቂጤ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙስተፋ፣ ሙስተፋ፣ ወንድሜ፤

ከየት ልጀምር? እግዚአብሔር ያጽናህ ልበልህ? ሁሉም ሰው ብሎህ ከጨረሰ በኋላ?

የመስቀል ዕለት ሀያቱ መጣ። ከዛህራ ቤት ለእናንተ የታረደው ቀርቦ ነበርና «ዑመይር ስላልመጣ የእሱን ድርሻ አንተ ብላለት» አልኩት። ሳቅ ብዬ ነው ያልኩት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አንዴ ጎረሰና አቆመ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ እንጂ የሚለውን አልሰማሁም። ወለተ ሐና ግን ሰማች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ስትከት ሳይ ነው የገባኝ።

ዑመይር ሐምሌ ውስጥ ነው አሉ የሞተው። ቆሼ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሊገላግል ገብቶ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ «ብየዳው ሸካራ ነው» ብዬ ስጽፍልህ ሳምንት እንኳ ያልቀረው ልጅ! እሱ ከተቀበረ በኋላ ስለ ፔፔሻ፣ ስለ ፎቶ፣ ስለ ቤሬታ ስንጻጻፍ ከረምን።

ለቅሶህ ላይ አልነበርኩም። ይሄ አንገቴን አስደፍቶኛል። ሰው ምን ይላል? «ያ ወንድሜ ወንድሜ የሚለው የወልቂጤው ሰውዬ የት አለ?» ሳይሉ አልቀሩም። ሁለት ዓመት ከመሶቤ የበላ ልጅ ነው፤ አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ። መጀመሪያ በአንተ በጣም ተቆጣሁ። መርዶ ይደበቃል ወይ? ጠላትም እኮ ለጠላቱ ይነግራል። ሀያቱን ሳይቀር አስምለኸዋል።

በኋላ ግን ቤሬታው ትዝ አለኝ። ከዚያ ጥይቱ። ለምን እንደደበቅከኝም ያኔ ገባኝ። ለቅሶህ ከመጣሁ ዓይንህን አያለሁ፤ ዓይንህን ካየሁ ደግሞ ብረቱን እንደማልሰጥህ ታውቃለህ።

አልልክልህም፣ ሙስተፋ። ስለ ልጅህ ብዬ አልልክልህም። ሊገላግል ገብቶ በሞተ ልጅ ስም ሰው አይገደልም። እሁድ ከወለተ ሐና ጋር እንመጣለን። እንቢ ብትለኝም እመጣለሁ።

ዱባለ


ቡታጅራ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዱባለ፤

እንዳትመጣ። በሬን አልከፍትልህም።

እኔን ልትመክረኝ ነው? አንተ ልጅ ወልደህ አልቀበርክም። «ስለ ልጅህ ብዬ» አልክ። ስለ ልጄ ብለህ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ትልክልኝ ነበር።

ገዳዩ ምን ሆነ ብለህ ሀያቱን ጠይቀሃል፤ እኔ ልንገርህ። ማስረጃው አልተሟላም ተብሎ ወጥቷል። ባለፈው ገበያ ላይ አየሁት። ጨው እየገዛ ነበር። ጨው፣ ዱባለ! እንደ ማንም ሰው ጨው መረጠ፣ በጣቱ ቀመሰ፣ ከባለ ሱቁ ጋር ተከራከረ፣ ተሸክሞ ሄደ። ዑመይር ጨው አይገዛም። ሽማግሌዎች ሁለቴ መጡ፣ ሀሊሜም «ለአላህ ስጠው፣ ዕርቅ ተቀመጥ» ትለኛለች። እሷ ታልቅስ። እኔ ግን ማልቀስም አልቻልኩም። እንባዬ አልወጣ ብሎኛል።

አጠገቤ ያለው ሣጥን ውስጥ መዝጊያው አለ። ዕድሜ ልኬን የሰውን አደራ ስጠብቅ የኖርኩት ለካ ለዚህ ኖሯል። የቀረኝ አንተ ጋ ያለው ብረት ነው። ጉርዳ ስንገባ «አንተም ለእኔ፣ እኔም ለአንተ» ብለሃል። ወንድሜ ከሆንክ የእኔ ደም ደምህ ነው። ካልሆንክም ንገረኝና ልወቀው፤ ሁለተኛ አልጽፍልህም።

ሙስተፋ


ወልቂጤ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙስተፋ፤

እሁድ እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ፤ በሬን አልከፍትልህም ካልከኝ በኋላ መንገዱን መጀመር አልቻልኩም።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጊዜ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ያ ጨው ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ትናንት ጋራዡ ገባሁ። የዑመይር የብየዳ መነጽር ትቶት የሄደበት ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ «ስመለስ እወስደዋለሁ» ብሎ ነበር። አውርጄ አጠለቅኩት። ጠበበኝ። ጭንቅላቱ ትንሽ ነበረች፣ ያንተኑ ወስዶ። እዚያ ጨለማ ውስጥ እንደዚያ ሆኜ ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም፤ ሳወልቀው ግን ምክሬ ሁሉ ከውስጤ ወጥቶ አልቆ ነበር። ያንን ሰውዬ ጠላሁት። በዕድሜዬ ሰው እንዲህ ጠልቼ አላውቅም።

ልጄም ነበር። ልጅ አልቀበርክም አልከኝ፤ አሁን ቀብሬያለሁ።

ቤሬታውን ፈታትቼ ጂባ ውስጥ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። ሀያቱ ምን እንደያዘ አያውቅም፤ ምንጣፍ መስሎታል። ኃጢአቱ የእኔ ነው። ወለተ ሐናም አታውቅም። ጉርዳችንን ያፈረስኩት እኔ መሆኔን መዝግብልኝ፤ አንተ ብትጠይቅም የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሆነውን ሁሉ እኔም እኩል እሸከማለሁ። ከዚህ በኋላ ደብዳቤ ባይመጣልኝ ምን እንደሆነ ይገባኛል።

ዱባለ


ቡታጅራ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

በአላህ ስም፣ እጅግ በጣም ሩኅሩኅ፣ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው።

ወንድሜ ዱባለ፤

መጀመሪያ ይህን ስማ፤ ማንም አልሞተም። አንብበህ ጨርስ፣ ግን ይህን ይዘህ አንብብ።

ጂባው ሐሙስ ደረሰኝ። ሀሊሜ ጎረቤት እስክትሄድ ጠብቄ ብረቱን ገጣጠምኩት። እጄ አልረሳውም። ከዚያ መዝጊያውን ላወጣ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። ታውቃለህ፣ ወገቤ ካመመኝ ወዲህ ሣጥኑን የሚያወጣውም የሚመልሰውም ዑመይር ነበር። አንተ የላክኸውን ሁሉ ለእሱ ነበር የምሰጠው፣ «ከጓደኞቹ ጋር አስቀምጠው» እያልኩ። ክዳኑን ከፍቼ የቤሬታውን መዝጊያ ያዝኩና ሳብኩ። ሣጥኑ አብሮ ተነሳ።

ሁሉም አንድ ላይ ተበይደዋል፣ ዱባለ። የቤሬታው ከሣጥኑ ወለል፣ የስቴኑ ከቤሬታው፣ የኡዚው ከስቴኑ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፔፔሻው ነበር፤ ሐምሌ ውስጥ የላክኸው። ከመሞቱ በፊት እሱንም ጨምሮታል ማለት ነው።

ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ፣ ሌላ ለማን እነግራለሁ? መሮና መዶሻ አምጥቼ መታሁት። ላላቅቀው ነው። ብየዳው ላይ መታሁ፣ ደግሜ መታሁ፣ እሳት ተፈናጠረ እንጂ ፍንክች አላለም። ሀሊሜ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች ገባች። መዶሻውን ከእጄ አልቀማችኝም። «የልጅህን የእጅ ሥራ ነው የምትመታው» አለችኝ፤ በቃ፣ ይህን ብቻ።

ለካ ታውቅ ኖሯል። ያኔ በግቢው አጥር ከጎረቤታችን ከሙባሪክ ጋር የተጣላሁ ጊዜ፣ በንዴት ወደ መኝታ ቤት ስገባ ዑመይር ተከትሎኝ ነበር። ሣጥኑ ላይ ዓይኔ ሲያርፍ አይቶኛል። እኔ አላስታውሰውም። በነጋታው ሣጥኑን ተሸክሞ ብየዳ ቤቱ ወሰደው። «አባቴን እወደዋለሁ፤ ሲቆጣ ግን አላምነውም» አላት። ከዚያ ወዲህ አንተ አንድ መዝጊያ በላክህ ቁጥር ወስዶ ይጨምርበት ነበር። ለእኔም ለአንተም አልነገረንም። ሁለት ሽማግሌዎች በመሐላችን እየኮራን፣ የጠበቀን እሱ ነበር።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እስከ ማታ አለቀስኩ። ሀሊሜም አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች። ከሐምሌ ወዲህ አንድ ላይ ያለቀስነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ለሽማግሌዎቹ ልኬባቸዋለሁ፤ ለዕርቅ እቀመጣለሁ። ይቅር አልኩት አልልህም፤ ገና ነኝ። ግን እቀመጣለሁ። ቤሬታውን ካገኘሁት ጥይት ጋር ነገ ራሴ ፖሊስ ጣቢያ ወስጄ አስረክበዋለሁ። በጣም እንደምትወደው አውቃለሁ፤ ተቀየመኝ። ጂባውን ዘርግተነዋል። የሚመጣ ለቀስተኛ ይቀመጥበታል አለች ሀሊሜ።

ሣጥኑን በሀያቱ ልኬልሃለሁ። ይሄኛውን ሀያቱ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ነግሬዋለሁ። አንተ ሁልጊዜ «ብየዳው ሸካራ ነው» ትለው ነበር። እሱም ይህን እዚህ መጥቶ ይነግረኝ ነበር፣ እየሳቀ፣ ግን ከልቡ አልነበረም የሚስቀው። እየውና ንገረኝ። የእኔ ዓይን ብየዳ አያውቅም።

ወንድምህ ሙስተፋ


ወልቂጤ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙስተፋ ወንድሜ፤

ሣጥኑን ጋራዡ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር አስቀምጬ አየሁት። ማየት ብቻ አይበቃኝም፤ ጣቴን አስሄድኩበት። ያንተ መዶሻ የነካው ቦታ ይታወቃል፤ ብረቱን ጫር ጫር አድርጎታል እንጂ ብየዳው ውስጥ አልገባም። የመጀመሪያው፣ የቤሬታውና የስቴኑ መገናኛ ትንሽ ይቸኩላል። ወደ ላይ ሲመጣ እየተረጋጋ ነው። የፔፔሻው ግን ልስልስ ያለ ነው። አንድም ቀዳዳ የለበትም፣ አንድም ቦታ አልዘለለም። እኔ ራሴ ከዚህ የተሻለ አልበይድም። በሕይወቱ አንድ ቀን ጎበዝ ብዬው አላውቅም፤ መቃብሩ ጋ ስትወስደኝ እነግረዋለሁ።

ስለ ቤሬታው አልቀየምህም። ፔፔሻውንም፣ ሌሎቹንም ነገ ጠዋት ለፖሊስ አስረክባለሁ። የውድነሽ ስም ያለበትን እንጨት ብቻ እንዲተዉልኝ እለምናቸዋለሁ፤ እንቢ ካሉም ይሁን። ሣጥኑ ግን እኔው ጋ ይቆያል፤ የዑመይር መነጽር ከተሰቀለበት ሥር አስቀምጬዋለሁ።

ለወለተ ሐና ሁሉንም ነገርኳት። አኩርፋኛለች፤ ሻንጣዋን ግን አዘጋጅታለች። ከጣቢያ እንደወጣን በሀያቱ መኪና እንመጣለን። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ፤ ለቅሶው ላይ ከበር አካባቢ እንዳታስቀምጠኝ። ጆሮዬ ስለማይሰማ ስታለቅስ አላውቅም፤ ትከሻህ እንዲነካኝ አጠገብህ አስቀምጠኝ።

ዱባለ